የጨረቃ አየር መንገደኛ ነው



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጨረቃ አየር ነው። ከመካከላችሁ «የምን አየር? ጨረቃ አየር የላትም ብላችሁ አይደለም ወይ ያስተማራችሁን?» የሚል ተማሪ እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ብለናል። ለልጅ የሚበቃ መልስ ነው። ሰው ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ጨረቃ ላይ ቢቆም ደቂቃ ሳይሞላው ራሱን ይስታል። ይህን ማወቅ ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ይበቃል፣ ለዛሬው ምሽት ግን አይበቃም። ጨረቃ ጭራሽ ባዶ አይደለችም። እጅግ ስስ የሆነ ነገር ከቧታል። ያ ነገር ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚወስደው፣ ፀሐይም በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳላት ነው የምንጨዋወተው። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የኛን ስጠራ ለይቼ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ መጠኑን እንያዝ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አየር፣ ማለትም የጣት ጫፍ የምታህል ቦታ፣ 20 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ሞለኪውል ይዛለች። አፖሎ 17 የተባለው መንኮራኩር ጨረቃ ላይ የተወው መሣሪያ በሌሊት የለካው ግን በዚያችው ስፋት 200 ሺህ ገደማ ነው። 200 ሺህ ብዙ ይመስላል፤ ከኛ አየር ጋር ሲተያይ ግን መቶ ትሪሊዮን ጊዜ የሳሳ ነው። የጨረቃ አየር በሙሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ ቢመዘን ጥቂት አሥር ቶን ቢሆን ነው።

ከዚህ መሳሳት የሚመጣ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። እዚህ ያሉት ሞለኪውሎች በየሰከንዱ ቢሊዮን ጊዜ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ድምፄ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው፣ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስም የሚነፍሰው በዚሁ መገፋፋት ነው። የጨረቃ አቶሞች ግን አይገናኙም። እያንዳንዱ ከአፈሩ ይነሳል፣ እንደተወረወረ ድንጋይ ቀስት ሠርቶ ይሄዳል፣ ወይ ተመልሶ ይወድቃል፣ ወይ እስከ ወዲያኛው ያመልጣል፤ በመንገዱ ላይ ሌላ አቶም አያገኘውም። ሳይንቲስቶች ይህን ዓይነቱን ከባቢ አየር ኤክሶስፌር ይሉታል። በምድርም አለ፤ እዚህ ግን የሚጀምረው ከራሳችን በላይ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጨረቃ ላይ ከአፈሩ ይጀምራል።

አሁን ወደ ፀሐይ እንምጣ። የፀሐይ ነፋስ ሲባል ብርሃን ማለት አይደለም። የፀሐይ የላይኛው ከባቢ ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ የጋለ ስለሆነ ፀሐይ ራሷ በስበቷ ልትይዘው አትችልም። በየአቅጣጫው ያለማቋረጥ ይፈሳል። የሚፈሰው በአብዛኛው ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ነው፤ ከመቶው አራት ያህሉ ደግሞ የሂሊየም አዮን ነው። አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚህ አዲስ አበባ ለመድረስ ከሌሊቱ ተነስታችሁ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ የተንገላታችሁበትን መንገድ በአንድ ሰከንድ ይጨርሰዋል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ እኛ ዘንድ ለመድረስ አራት ቀን ይፈጅበታል፤ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለችና። በደረሰ ጊዜም በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለው ከ5 እስከ 10 ቅንጣት ብቻ ነው። ከጨረቃ አየር እንኳ በጣም የሳሳ ነው። ኃይሉ በፍጥነቱና በማያቋርጥ መምጣቱ ነው።

ይህን ነፋስ በሒሳብ አስቀድሞ ያገኘው ዩጂን ፓርከር የተባለ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ወጣት የፊዚክስ ሊቅ ነው፣ በ1958። ጽሑፉን የገመገሙት ሁለት ባለሙያዎች አይረባም ብለው ጣሉት። የመጽሔቱ አዘጋጅ፣ በትውልዱ ሕንዳዊ የሆነው ታላቁ ቻንድራሴካር፣ ሐሳቡ ለራሱም ባይጥመው ሒሳቡ ላይ ስህተት ስላላገኘበት አሳተመው። እኔ ከዚህ ታሪክ የፓርከርን ብልህነት ያህል የአዘጋጁን ሐቀኝነት አደንቃለሁ። ዓመት ሳይቆይ፣ በ1959፣ የሶቭየቷ ሉና 1 መንኮራኩር የነፋሱን ፍንጭ አገኘች፤ በ1962 ደግሞ የአሜሪካዋ ማሪነር 2 ወደ ቬነስ ስትሄድ ወራት ሙሉ ለካችው። ፓርከር ረጅም ዕድሜ አግኝቶ በ2018 በስሙ የተሰየመችው መንኮራኩር ወደ ፀሐይ ስትተኮስ ቆሞ አይቷል።

ምድር ከዚህ ነፋስ የሚከልላት የማግኔት መስክ አላት። ነፋሱ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ይገታና በጎንና በጎን ተከፍሎ ያልፋል። ጨረቃ ይህ የላትም። ድሮ ነበራት፤ ውስጧ ሲበርድ ጠፋ፤ የቀረው እዚህም እዚያም ያለ ቁርጥራጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋሱ አፈሯ ላይ በቀጥታ ያርፋል።

ይህን ለማየት የተሠራው የመጀመሪያ ሙከራ በቀላልነቱ ያስገርመኛል። በሐምሌ 1961 በኛ አቆጣጠር፣ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ባረፈ ጊዜ፣ ባዝ ኦልድሪን ከመንኮራኩሩ እንደወረደ የአሜሪካ ባንዲራ ከመተከሉም በፊት አንድ የአሉሚኒየም ልባጥ በዘንግ ላይ ዘርግቶ ወደ ፀሐይ አዞረው። ቁመቱ 140፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ የዮሐንስ ጋይስ ቡድን ያዘጋጀው ነበር። 77 ደቂቃ ተሰቅሎ ቆየና ተጠቅልሎ ተመለሰ። በርን ውስጥ ሲቀልጥ ሂሊየም፣ ኒዮንና አርጎን ከውስጡ ወጣ። በሰው እጅ የተያዘ የፀሐይ ቁራጭ ነው ብል አላጋንንም። በአፖሎ 16 ጊዜ እንዲህ ያለው ልባጥ 45 ሰዓት ተሰቅሎ ነበር።

ልባጡ በ77 ደቂቃ ያንን ከያዘ፣ በቢሊዮን ዓመታት የተደበደበው አፈር ምን ያህል እንደያዘ ገምቱ። ነፋሱ አፈሩን ሲያገኘው ከአንድ በላይ ነገር ይሆናል። ከፊሉ አይገባም። የሕንዷ ቻንድራያን 1፣ በ2008 የተላከችው፣ ከሚመጡት ፕሮቶኖች እስከ አንድ አምስተኛ የሚሆኑት ኤሌክትሮን ይዘው፣ ሃይድሮጅን አቶም ሆነው ተመልሰው እንደሚፈናጠሩ ለካች። ከዚያ በፊት አፈሩ ሁሉንም ይውጣል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሌላው በአፈሩ ቅንጣት ውስጥ ከፀጉር ውፍረት ሺህ ጊዜ ያህል በሚያንስ ጥልቀት ይቀበራል። ሃይድሮጅኑ እዚያ ከሚያገኘው ኦክስጅን ጋር ይጣመራል፤ ይህችው ቻንድራያን በ2009 በጨረቃ ገጽ ላይ የውኃ ዘር አለ ያሰኘችው፣ ከቻይናዋ ቻንጌ 5 በ2020 የመጣው አፈርም ያረጋገጠው አንድ ምንጭ ይኸው ነው። ሂሊየም ግን ከማንም ጋር አይጣመርም። ቅንጣቷ ጢም ብላ ስትሞላ አዲስ የገባው አሮጌውን ያስወጣዋል። የወጣው ሂሊየም ነው የጨረቃ አየር የሚሆነው።

ይህ ግምት አይደለም። ናሳ በመስከረም 2013 ላዲ የምትባል መንኮራኩር ለዚሁ ጉዳይ ላከ። እስከ ሚያዝያ 2014 በጨረቃ ዙሪያ በዝቅታ ስትዞር ቆይታ መጨረሻ ላይ ሆን ተብሎ መሬቱ ላይ እንድትወድቅ ተደረገ። በዚያው ጊዜ አርቴሚስ የተባሉ ሁለት መንኮራኩሮች የሚመጣውን የፀሐይ ነፋስ ይለኩ ነበር። የሁለቱ መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ከፀሐይ የሚመጣው ሂሊየም ሲበዛ የጨረቃም ይበዛል፣ ሲያንስ ያንሳል። የጨረቃን ሂሊየም አምስት እጅ ብንከፍለው አራቱ ከፀሐይ፣ አንዱ ከጨረቃ ውስጥ ከዩራኒየምና ከቶሪየም መበስበስ የሚወጣ ነው። ላዲ ኒዮንንም አረጋግጣለች፤ እርሱም የፀሐይ ነው። ሂሊየሙ ጨረቃ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። ቀን ላይ አፈሩ ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚግል ቀላሉ አቶም ፍጥነት አግኝቶ ያመልጣል፤ ለማምለጥ በሰከንድ 2.4 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። ለዚህ ነው መንገደኛ ያልኩት። ዛሬ ማታ ጨረቃ ላይ ያለው ሂሊየም ያለፈው ወር አልነበረም፣ የሚመጣው ወርም አይኖርም።

የማምለጫው ሌላ በር ራሱ ነፋሱ ነው። ጥር ላይ በቡሬ ወይም በጃቢ ጠህናን አውድማ ላይ የቆመ ገበሬ ምርቱን በመንሽ ወደ ላይ ሲበትነው ነፋሱ ገለባውን ይዞ ይሄዳል፣ ፍሬው እግሩ ሥር ይወድቃል። ጨረቃ ላይም መለየት አለ፤ የሚለየው ግን በክብደት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው። አንድ አቶም ሙሉ ሆኖ ሲበር የፀሐይ ነፋስ አያየውም፣ አልፎት ይሄዳል። የፀሐይ ብርሃን አንድ ኤሌክትሮን የነጠቀው እንደሆነ ግን አዮን ይሆናል፤ ያን ጊዜ ነፋሱ የተሸከመው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ይይዘውና በሰከንድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ያስፈነጥረዋል። ከፊሉ ተመልሶ ጨረቃን ይመታል፣ የቀረው ከነፋሱ ጋር ሄዶ ይቀራል። አውድማው ላይ ግን ነፋሱ ምርቱን አላመጣም። ጨረቃ ላይ ያመጣውም የሚወስደውም አንድ ነው።

ሦስተኛው የነፋሱ ሥራ መፈንቀል ነው። ፈጣኑ ፕሮቶን አፈሩን ሲመታ የአፈሩን የራሱን አቶም፣ ሶዲየምን፣ ፖታሲየምን፣ ካልሲየምን ነቅሎ ያፈናጥራል። በ1988 ፖተርና ሞርጋን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቴክሳስ ካለው ማክዶናልድ ኦብዘርቫቶሪ ሆነው በቴሌስኮፕ ብቻ በጨረቃ ዙሪያ ሶዲየምና ፖታሲየም አገኙ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ሶዲየሙን ማን ነቀለው የሚል ሆነ። የፀሐይ ነፋስ ነው? የፀሐይ ብርሃን ነው? ወይስ ከጠፈር የሚዘንበው የደቃቃ ድንጋይ ብናኝ አፈሩን በምት እያጋለ እያተነነው ነው?

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ስለዚህ ጉዳይ የሚወራው ብዙ ጊዜ ለነፋሱ ያደላል። በ2024 ኒኮል ኒ የመራችው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አፖሎ ባመጣው አፈር ውስጥ ያሉትን የፖታሲየምና የሩቢዲየም አይሶቶፖች መዘነ። የአቶም ቀላሉና ከባዱ ዓይነት የሚያመልጥበት ሚዛን በነፋስና በድንጋይ ምት ይለያያል፤ አፈሩም ያንን ሚዛን አስቀርቷል። ውጤቱ፣ በረጅሙ ዘመን ከባቢ አየሩን ከሰጡት ከነዚህ ሁለት ሥራዎች ውስጥ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የድንጋይ ብናኙ ድርሻ ሲሆን፣ የነፋሱ 30 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው የሚል ነው። በ2025 ደግሞ የቪየና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአፖሎ 16ን እውነተኛ አፈር በአዮን ደብድበው፣ የሚፈናጠረው ከዚህ ቀደም ከተገመተው እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳዩ። አፈሩ ሸካራና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ የተነቀለው አቶም ጎረቤቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለሂሊየምና ለኒዮን የፀሐይ ነፋስ አባት ነው፤ ለሶዲየምና ለመሰሎቹ ግን ረዳት እንጂ ባለቤት አይደለም።

ከሁለቱም ያልሆነ አንድ ጋዝ አለ፣ አርጎን 40። እርሱ የጨረቃ የራሷ ልጅ ነው፤ በዓለቷ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሲበሰብስ ይወለድና ይወጣል። ሌሊት ቅዝቃዜው ሲበረታ አፈሩ ላይ ይጣበቃል፣ ንጋት ላይ ፀሐይ ስትነካው ይነሳል። አፖሎ 17 ይህን የየዕለት መነሳትና መውደቅ መዝግቧል። ሂሊየም ግን አይጣበቅም፤ ከጋለው ወገን እየዘለለ ሄዶ በቀዝቃዛው ሌሊት ወገን ይከማቻል።

ሶዲየሙም ቀላል ታሪክ የለውም። በኅዳር 1998 የሊዮኒድ ሚቲዮሮች ካለፉ በኋላ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሙሉውን ሰማይ የሚያነሳ ካሜራ ይዘው ሲመለከቱ፣ ጨረቃ እንደ ጅራታም ኮከብ የሶዲየም ጅራት እንዳላት አገኙ። የሚገፋው የፀሐይ ነፋስ አይደለም፣ የብርሃኗ ግፊት ነው። ጨረቃ በምትወለድበት ሰሞን ጅራቱ ምድርን አልፎ ይሄዳል። ዓይናችን የማያየው ደብዛዛ ነው እንጂ እኛ ውስጡ ነን።

ባሕረ ሐሳብ የምታውቁ አባቶች የጨረቃን ሌሊት በአበቅቴ ቆጥራችሁ ትነግሩናላችሁ። እንግዲህ በየወሩ ሙሉ በምትሆንበት ሌሊት ዙሪያ፣ አምስት ቀን ያህል፣ ጨረቃ ከፀሐይ ነፋስ ውጭ ናት። ነፋሱ የምድርን የማግኔት መስክ ከፀሐይ በተቃራኒው በኩል እንደ ረጅም ጅራት ይስበዋል፤ ሙሉ ጨረቃ የምትገኘው እዚያ ውስጥ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 በኛ አቆጣጠር ማታ ጨረቃ ቀልታ ያያችሁ ሁሉ፣ ያን ሰዓት ጨረቃ በምድር ጥላ ብቻ ሳይሆን በምድር መከለያም ውስጥ ነበረች። የጃፓኗ ካጉያ መንኮራኩር በእንዲህ ያሉት ቀናት የሰበሰበችውን መዝገብ ተመራማሪው ኬንታሮ ቴራዳና ባልደረቦቹ በ2017 ሲያወጡት አንድ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ከምድር የላይኛው ከባቢ አየር ያመለጠ ኦክስጅን ጨረቃ ድረስ ይደርሳል። አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ርቀት ላይ የኛ አየር አፈሯ ውስጥ ይቀበራል ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ያው ነፋስ እኛንም ይመታል፤ ልዩነቱ መከለያ ያለን መሆኑ ነው። መከለያው ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ኢትዮጵያ በማግኔታዊው የምድር ወገብ ላይ ናት፤ የኮምፓስ መርፌ ወደላይም ወደታችም ሳያዘነብል ተኝቶ የሚቆምበት መስመር በአዲስ አበባ አካባቢ ያልፋል። እኛ ከዚያ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንርቅ ነው። ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። የፀሐይ ነፋስ ሲታወክ ይህም ጅረት ይታወካል። ከፀሐይ መግባት በኋላ ደግሞ ከዚያም በላይ በሆነ ከፍታ የሚፈጠር መረበሽ የጂፒኤስን ምልክት ያዛባል። የእርሻ ድንበር በመሣሪያ የሚለካው የመሬት ባለሙያም፣ ስልኩን አምኖ የሚነዳው ሹፌርም፣ ከቦሌ የሚነሳው አውሮፕላንም ከዚሁ ምልክት ጋር ጉዳይ አላቸው። በመጋቢት 1989 የፀሐይ ማዕበል የካናዳዋን ኪውቤክ ግዛት ዘጠኝ ሰዓት ያህል ጨለማ አድርጓታል፤ ስድስት ሚሊዮን ሰው መብራት አጣ።

አገራችን በዚህ ትምህርት ዘግይታ አልገባችም። ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በ1957 እና በ58 ሲከበር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቁመው የማግኔት መስኩን ይለኩ ነበር። የፓርከር ጽሑፍ አይረባም በተባለበት ዓመት እኛ ዘንድ መርፌው የፀሐይን ሥራ ይጽፍ ነበር። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለ፣ ስሙ ዋሸራ፤ ዋሸራ ሲባል እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቅኔ የማይታወሰው ሰው አይኖርም። ዩኒቨርሲቲውን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ዶክተር ባይሌ ዳምጤ በዚሁ መስክ የተማሩ ሰው ናቸው። ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋው ደግሞ ከአሜሪካ ሆነው አምበር የተባለውን የማግኔት መለኪያ መረብ በአፍሪካ ዘርግተዋል፣ አንዱ ጣቢያ አዲግራት ነው። ተማሪዎች፣ ከዚህ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም።

በመጨረሻ መምህራንን አንድ ነገር ልለምን። በኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 2012 እሑድ ጠዋት ጨረቃ ፀሐይን በጋረደች ጊዜ ላሊበላ ላይ ቀለበት ታይቷል፣ እኛም አብዛኛው የፀሐይ ገጽ ሲሸፈን አይተናል። ያን ቀን የጨረቃን ጠርዝ ያስተዋለ ሰው በምላጭ የተቆረጠ መስሎ አግኝቶታል፤ ወፍራም አየር ቢኖራት ጠርዟ ይደበዝዝ ነበር። የሚቀጥለው ዕድል፣ አሁንም በኛ አቆጣጠር፣ ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ነው። ግብፅ ውስጥ ሉክሶር ላይ ፀሐይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ፈጽማ ትጠፋለች፣ በኛ ሰማይ ደግሞ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ በከፊል ትጋረዳለች። ሐምሌ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ደመናው ከፈቀደ ነው። ቢሆንም ትምህርት ቤቶቻችሁ ለፀሐይ ግርዶሽ የተሠራውን መነጽር ከወዲሁ ያዘጋጁ። የራጅ ፊልምና የጥቀርሻ መስታወት ዓይን ያጠፋል፤ ልጆቹን በርቱና ከልክሉ።